ቁጥቋጦ ያልሆነው መሬታችን

ውድ እትዬ ሉቲሻ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የመንግሥትን የዕፅዋት ሊቅ ያስተማረው ታናሽ ወንድምሽ ኤዜል እጅ ይነሳሻል። ማስተማር ስልሽ እንኳ፣ እሷ ዘጠኝ ነገር አስተማረችኝ፣ እኔ አንድ። ግን አንዱ የኔ ባይኖር ዘጠኙ የሷ ገደል ይገባ ነበር።

እንደምን ከርመሻል? ያ ደረትሽን የሚያፍነው ሳል ለቀቀሽ ወይ? የባልሽ የሮስኮ ወገብስ እንዴት ነው? ፊላዴልፊያ ብርዱ ሳይጀምር አይቀርም፤ አንቺ ደግሞ ካፖርት ልበሺ ሲሉሽ የምትቆጪ ሰው ነሽ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ሚስቴ ዜልማ ደህና ናት፣ ምላሷም ደህና ነው። እስከ ዛሬ የደረሱሽ ደብዳቤዎች የሷ እጅ ጽሑፍ ስለሆኑ የኔ ቁም ነገር እየተቀነሰ የሷ ሐሜት እየተጨመረ ነው የመጣልሽ። ይህኛው ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የኔው እጅ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ይሰጥ የነበረውን የማታ የፊደል ትምህርት በግንቦት ጨረስኩ። መምህራችን ሚስስ ግሬዲ «ኤዜል ወሬውን ቢቀንስ በገና ይጨርስ ነበር» ብላለች፤ እኔ እንደ ምስጋና ቆጥሬዋለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አባታችን የተወልን የጥድ ሜዳ ሊያመልጠን ጥቂት ቀርቶት ነበር እትዬ። አውራጃው ከላይ በኩል ከተሠሩት አዳዲስ ቤቶች ውሃውን ወደ ባሕር የሚያወርድ ትልቅ ቦይ ልቆፍር ብሎ ተነሣ፤ መስመሩም በመሬታችን መሃል ለመሃል ነው። ያ ሜዳ ውሃው ከተሟጠጠ ሳሩም፣ ዝንብ የምትውጠው ተክልም፣ ሁሉም እንደሚያልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ቦዩ የሚዞረው የግዛቱ የዕፅዋት መዝጋቢ መጥታ ቦታውን ብርቅ የተፈጥሮ ማኅበር ብላ ከጻፈችው ብቻ ነው ተባለ። ተራ ቁጥቋጦ ካለችው ግን በሐምሌ ይቆፈራል።

በሰኔ መጣች። ወይዘሪት ፕሩዊት ትባላለች፤ ቀጭን ናት፣ ዕድሜዋ የልጅሽን የቨርኔልን ያህል ነው፣ የጎማ ቦቲዋ ግን የኔን ያህል። ሥራዋ ዕፅዋትን በየማኅበራቸው መመደብ ነው። ማኅበር ያለው ሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ከባሕሩ ዳር ጨው ያዘለ ነፋስ ያጎበጣቸው የኦክ ዛፎች አንድ ማኅበር ናቸው፤ በአሸዋው ጉብታ ላይ ያሉት ድንክዬዎቹ ሌላ፤ ረግረጉ ላይ ሱሪ የሚቀድደው ቁጥቋጦ ደግሞ ሌላ። አንዱን ከሌላው የሚለየው መሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ ነው አለችኝ። «እመቤቴ፣ ይሄንንማ እግሬ ድሮ ያውቀዋል፤ ካልሲዬ የሚርስበትን ቦታ ጠይቂው» አልኳት። ሳቀች፤ ግን ጻፈችው።

ሜዳው ላይ ገመድ ዘርግታ አሥር እርምጃ በአሥር እርምጃ ከለለች። ጎረቤታችን ክሌተስ ማንም ሳይጠራው መጥቶ የገመዱን ጫፍ ያዘ። እሷ እየዳኸች በውስጡ ያለውን ተክል ሁሉ በየስሙ እየጠራች፣ መሬቱን ምን ያህል እንደሸፈነ ትመዘግባለች። ከሰዓት በኋላ ቀና አለችና «ሚስተር ኤዜል፣ አዝናለሁ፤ ከመቶ ሰማንያው እጅ ቁጥቋጦ ነው። የምጽፈውም ይህንኑ ነው» አለችኝ።

ክሌተስ «አይዞህ ኤዜል፣ ከቦይህ ዳር ተቀምጠህ አሣ ታጠምዳለህ» ብሎ ተንከተከተ። «አንተን መንጠቆው ላይ ሰክቼ!» አልኩት። ለአፌ ያህል ነበር።

ጥፋቱ የኔ ነው። አባባ በየሁለት ዓመቱ፣ ብርዱ ሊወጣ ሲል፣ ሜዳውን በእሳት ያጸዳው ነበር፤ አንቺም በእርጥብ ጆንያ ዳር ዳሩን ትደበድቢ ነበር። እኔ ግን ጉልበቴን ካመመኝ ወዲህ ስድስት ዓመት ሳላቃጥል ቀረሁ፤ ቁጥቋጦውም ባለቤት እንደሌለው ቤት ሰተት ብሎ ገባ።

«እመቤቴ፣ ይህ ስድስት ዓመት ያልተላጨ ሰው ነው፤ ጸጉሩን አይተሽ በግ ነው አትበይ» አልኳትና ተንበርክኬ ቁጥቋጦውን በሁለት እጄ ገለጥኩት። ከሥሩ ያ እንደ ሽቦ የቀጠነው ሳራችን አለ፤ ገርጥቷል፣ ከስቷል፣ ግን አልሞተም። ከዚያ ማዶ ሌላ ጉብታ፣ ከዚያም ሌላ። «ሽቦ ሳር ቁጥቋጦ ማኅበር ውስጥ ምን ይሠራል? ለሠርግ ተጠርቶ ነው?» አልኳት።

አጠገቤ ተንበረከከች። ከዚያ በቢላዋ አፈሩን ጫር ጫር ስታደርገው ከሰል ወጣ፣ የአባባ እሳት ከሰል። «ይህ ሳር ማረሻ በነካው መሬት ላይ ተመልሶ አይበቅልም። መሬቱ ታርሶ አያውቅም ማለት ነው» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። ግን ልጅቱ ድርቅ ያለች ናት፦ «ያየሁትን እንጂ የነገሩኝን አልጽፍም። አንዱን ጥግ አሁን ያቃጥሉት፤ በዚህ በሙቀቱ ወቅት እሳት ከነካው በመስከረም ያብባል። አብቦ ካየሁት እመዘግበዋለሁ» አለች። ለአውራጃውም እስከዚያ ጠብቁ ብላ ጻፈችላቸው።

ለማቃጠል ከደን ቢሮው ፈቃድ ያስፈልጋል። ቅጹን ራሴ ሞላሁት እትዬ! ስም፣ አድራሻ፣ የመሬት ስፋት፣ የነፋስ አቅጣጫ። ጸሐፊው «ማን ይሙላልህ?» ሲለኝ «እስክሪብቶ ብቻ አቀብለኝ» አልኩት። ዜልማ «በሰኔ እሳት? ይህ ሰው ፊደል ራሱ ላይ ወጣበት!» እያለች ጆንያ ነከረች። የቤተ ክርስቲያኑ ሰው ሁሉ ወጣ፤ ክሌተስም ሳይቀር እስከ ማታ ዳር ዳሩን ደበደበ።

በመስከረም ተመልሳ ስትመጣ ያ ጥግ ወርቅ ለብሶ ጠበቃት። ሳሩ እስከ ወገቧ አብቦ በነፋሱ ይወዛወዛል። ወረቀቷን እንኳ ሳታወጣ ቆማ ቀረች። ባለፈው ሳምንት የመዝገቡን ቅጂ ላከችልኝ፦ «እርጥብ የጥድና የሳር ሜዳ፣ ተፈጥሯዊ፣ ብርቅ። ያስረዱት፦ ሚስተር ኤዜል ባርፊልድ።» ራሴ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለክሌተስ ደግሞ አራት ጊዜ። ቦዩ በመንገዱ ዳር ዞሮ ይሄዳል።

ለሮስኮ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ ወገቡን በሙቅ ጨርቅ ያሲዘው። ቨርኔልን አጎትሽ አሁን ስለሚያነብ ደብዳቤ መላክ ትችያለሽ በያት። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። የሮስኮን እናት ሚስ ኢዳን፣ የላኩልን የኮክ ማርማላታ በበቆሎ ዳቦ አልቋል፣ እግዜር ይስጥልን በያቸው።

እትዬ፣ ከጻፍኩልሽ ሁሉ አንዱ ፈጠራ ነው። ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም። ከስድስት ዓመት በፊት እሳቴ የክሌተስን አጥር ላሰ፤ በሳምንቱ የጥድ ሥዕል ያለበት የመንግሥት ወረቀት መጣልኝ። ክሌተስ ከስሶ ሊያሳስረኝ ነው ብዬ ለዜልማም ሳላሳይ ሚስማር ዕቃ ውስጥ ቀበርኩት፤ እሳት መለኮስም ፈራሁ፤ ክሌተስንም ስድስት ዓመት በጎሪጥ አየሁት። ማንበብ ከቻልኩ በኋላ እንኳ ልነካው አልደፈርኩም ነበር። ትናንት አወጣሁት። ከደን ቢሮው ነው፤ «ሜዳዎን ሲያቃጥሉ ሰዎችና የውሃ መኪና በነጻ እንልክልዎታለን፤ ፈቃደኛ ከሆኑ ይጻፉልን» ይላል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ዜልማን አስቀምጬ ራሴ አነብላታለሁ። ከዚያ በኋላ በእሷ ቁጣ ጉልበቴን የምር ሊያመኝ ይችላል።

ታናሽ ወንድምሽ ኤዜል

ቤርድ ክሪክ፣ ሰሜን ካሮላይና
ጥቅምት 7 ቀን 1988 እ.ኤ.አ.