የረድኤት ወተትና የእናትሽ ቅቤ

ሰናይቴ፣

ትተሽን ከሄድሽ ክረምቱ ወጥቶ በጋው ተጋምሷል። ደክሞኛል። ለጠየቀኝ ሁሉ ተመስገን እያልኩ ስለምውል፣ መድከሜን የምነግረው ሰው አንቺ ብቻ ሆንሽብኝ።

ልጃችን ደህና ናት። ረድኤት አልኳት፤ ከመረጥሽላት ስሞች አንዱ ነው። ያለ ጊዜዋ ስለመጣች፣ ጡትሽንም ስላላገኘች፣ እንደ እርሷ ለቸኮሉ ሕፃናት የሚዘጋጀውን የቆርቆሮ ወተት ትጠጣለች። ስብ ተጨምሮበታል፤ ሐኪሟ እንዳለችኝ ለአንጎሏና ለዓይኗ ያስፈልጋታል። ቤቱ ጡጦ በጡጦ ሆኗል። ቀን ቀን ከወልቂጤ የመጡት እናትሽ ይይዟታል፤ እኔ ከጋራዥ ስገባ እጄን በዱቄት ሳሙና ፈትጌ እቀበላቸዋለሁ። አንቺ ናፍጣ ናፍጣ ትሸታለህ እያልሽ ከአልጋ ታባርሪኝ አልነበር? ልጅሽ እስካሁን አልነቀፈችኝም።

ባለፈው ለክትትል ስወስዳት ደሟን ቀዱ። ሐኪሟ ብልቃጧን አሳየችኝ። ደሙ ሲረጋ ከላይ የቀረው ውሃ ነጥቶ ነበር። ውሃ የገባበት የሞተር ዘይት ልክ እንደዚያ ነው፤ የእንደዚያ ዓይነት ሞተር መጨረሻውን አውቀዋለሁ። የደሟ ስብ ከልክ አልፏል፣ ምናልባት ወተቱ በዝቶባት ይሆናል፣ ወደ ተራው ቀይረን እንሞክር ይሆናል አለችኝ። ነገር ግን ሰውነቷ መሙላት የጀመረው በዚሁ ወተት ነው። ብንተወው ልትከሳብን ነው፤ ብንቀጥል ደግሞ ደሟ። ከመገናኛ ወደ ወሰን በታክሲ ታቅፌያት ስመለስ፣ ይህን ሁሉ ለእኔ ጥለሽው ሄድሽ ብዬ ተናደድኩብሽ። በሞተ ሰው መናደድ ካለ።

ለእናትሽ የደሟ ስብ በዝቷል ስላቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸው። ለእርሳቸው ስብ ማለት ጤና ነው። ተመስገን፣ ሠራላት አሉ። ምኑ ነው የሠራላት ብዬ ብጠይቃቸው፣ ከጓዳ በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ይዘው መጡ። እኔ ጋራዥ ስውል በጣታቸው ጫፍ ሲያልሷት ከርመዋል። ወተቱ ስብ ተጨምሮበታል ብዬ የነገርኳቸው እኔው ነኝ፤ እርሳቸውም ሐኪሟ በፈረንጅ አፍ ቅቤ አዘዘች ብለው ነው የተረዱት።

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። አንቺም ስትወለጂ አንድ ፍሬ እንደነበርሽ፣ በቅቤ እንዳቆዩሽ ነገሩኝ። ልጃቸውን እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ቀብረው የመጡ ሴት ናቸው፤ ምን ብዬ ልቆጣ?

በማግስቱ ለሐኪሟ ነገርኳት። ይህን ያየችው በእኛ ቤት ብቻ እንዳልሆነ አጫወተችኝ። ወተቱ ይቀጥል፣ ቅቤው ይቁም፣ ደሟን ደግመን እንየው አለች። መጠበቁ ጨረሰኝ፤ በጋራዡ የሰው ፍሬን እየፈታሁ የምገጥመውን እረሳ ነበር። ዛሬ ጠዋት ውጤቱ መጣ። ደሟ ጠርቷል። ወተቷን አንቀይርባትም።

እኔ እዚያው ሐኪም ቤት ወንበር ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አብረውኝ የመጡት እናትሽ ግን ደስታቸው ግማሽ ነበር። ቤት ስንገባ፣ እንግዲህ እኔ ለእርሷ ምን ልስጣት ብለው ጠየቁኝ። ስለ ልጅዎ ይንገሯት አልኳቸው፤ እኔ የማውቃት ካገባኋት ወዲህ ነው።

ወዲያው አቅፈዋት ጀመሩ። ለማልቀስ ስትዘጋጂ አስቀድሞ አገጭሽ ይንቀጠቀጥ እንደነበር ነገሯት። የረድኤትም እንደዚያ ነው፤ ካንቺ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ፤ እስክሞት አልረሳውም።

ባልሽ