ተመስገን ስንት ነው?

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ
ዛሬም መጠይቄን ይዤ ስድስት የጥቃቅን ነጋዴዎች ሼድ ዞርኩ። ደብተሬ፣ የሥራዬን መከራ ልንገርህ። መጠይቁ «አካባቢው ለንግድዎ ምን ያህል ምቹ ነው?» ይላል፤ ከ1 እስከ 5። ሰዉ ሁሉ «ተመስገን» ይላል። ተመስገን ስንት ነው? ብረት በያጁ መብራት ከጠፋበት ሁለተኛ ቀኑ፤ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ተመስገን። አስተባባሪያችንን ይበልጣልን ጠየቅሁ። የዩኒቨርሲቲ ዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ብርድ ልብስ ተካፍለናል። 5 ነው አለ። ሳቅን።

ጥቅምት 5፣ ረቡዕ
ኮድ 17። ወ/ሮ ጥሩወርቅ፤ የቤተ ክርስቲያን ጥላ በወርቅ ክር ይጠልፋሉ። ሦስቴ ተመስገን። እስክሪብቶዬን ዘጋሁ። ስምዎ ቅጹ ላይ አይሰፍርም፣ ኮዱ የማን እንደሆነ የሚያሳየው የስም ዝርዝር ከኪሴ አይወጣም አልኩ። ማልኩም። መነጽራቸውን አወለቁ። የሼዱ ኃላፊ የስለት ጥላ በነፃ አሠርቷቸዋል፤ አለዚያ ውል አላድስም ብሎ። ሁለት ወር ጠለፉ። በንግሡ ዕለት ጥላውን አስገባ፣ ምርቃት ተቀበለ። እሳቸውም ከሴቶቹ ጋር እልል አሉለት። «ምን ላድርግ ልጄ፣ ጥላው ያምር ነበር።»
1 አከበብኩ። የመጀመሪያዋ እውነተኛ ቁጥር። ደስ አለኝ።

ጥቅምት 7፣ ዓርብ
ይበልጣል የስም ዝርዝሩን ፈለገ። ለጥራት ቁጥጥር ነው፣ ነገ እመልሳለሁ አለ። ሰጠሁት። ከኪሴ ወጣ እንጂ ሩቅ አልሄደም ብዬ።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ
የወ/ሮ ጥሩወርቅ ሼድ ዝግ። ሚካኤል ነው፤ በሚካኤል መርፌ አይነኩም። አለፍኩ። ዝርዝሩ አልተመለሰም።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ
ዛሬም ዝግ። ቀረብ ብዬ አየሁ። በሩ ላይ ወረቀት፤ «ታሽጓል»፣ ከነማኅተሙ። ቀኑ የትናንት። ብረት በያጁ ከሥራው ቀና ሳይል «ጸሐፊው መጣህ? በል ይቺንም ጻፋት» አለ።
ይበልጣልን ጠየቅሁት፤ አልካደም። ቢክድ ይሻል ነበር። ኃላፊው 1ን አይቶ ማን እንደሰጠ ጠየቀ፤ ለጥናቱ የድጋፍ ደብዳቤ የጻፈልን እሱ ነው፤ እንዴት እምቢ ይባላል? በሠንጠረዡ ላይ የ17ቷ 1 ደግሞ 4 ሆናለች። «ተመስገን ብላለች አይደል እንዴ?» አለኝ። አልሳቅንም።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ቤታቸው ሄድኩ። ክሩ በጆንያ፤ ያላለቀ ጥላ ግድግዳ ተደግፎ። ዝርዝሩን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ አልኩ። ክር መጠቅለላቸውን አልተዉም። «ምለህልኝ እኮ ነበር» አሉ። ይኸው ነው። ስድብ ጠብቄ ነበር የሄድኩት።
ነገ አዳራሽ ውስጥ ውጤት ይቀርባል። ኃላፊው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ አቅራቢው እኔ። እውነቱን ልናገር እፈልጋለሁ፣ ካልፈቀዱ ግን ትንፍሽ አልልም አልኩ።
ክሩን ጠቅልለው ጨረሱ። ሌላ ጀመሩ።
«ኮድ ምናምን እንዳትለኝ» አሉ በመጨረሻ። «እነሱ እንደሆኑ አውቀውኛል። ከነአባቴ ስም ጥራኝ።»
የአባታቸውን ስም ጠየቅሁ። ቅጹ ለእሱ ቦታ አልነበረውም። አዳሙ። ጥሩወርቅ አዳሙ።
ሠንጠረዡን ይዤ አልገባም። ደብተሬ፣ የጥቅምት 5ን ገጽ እቀድብሃለሁ፤ አይዞህ። በ«ኮድ 17» ፈንታ ከነአባታቸው ስም ጠርቼ፣ የቀረውን አዳራሹ ፊት እንዳለ አነበዋለሁ። «ማልኩም» የምትለዋንም ጭምር።