በነጋሽ ኮምፒውተር ላይ ስለ ቀረው የጣት ምልክት

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እኅቴ ለወይዘሮ ሣህሊቱ፤ ደብረ ወርቅ።

ያዘኑትን የማይረሳ አምላክ ሰላሙን በቤትሽ ያሳድር። እኅቴ ሆይ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ለመመለስ በረታ ወይ? ዓይንሽስ ከዚያ ሁሉ ዕንባ በኋላ አረፈ ወይ? እህል በአፍሽ ይገባል ወይ? ትዕምርት ልጅሽስ ደኅና ናት? እኔ ከሳሌ በቀር፣ ባለቤቴ ብርነሽም ከወገቧ ሕመም በቀር፣ በቸርነቱ አለን። የጎደለብንን አንቺው ታውቂዋለሽ።

ትዕምርት ልጄ፣ ይህን ለእናትሽ የምታነቢላት አንቺ ነሽና ቀስ ብለሽ አንብቢላት። ስታለቅስ አቁሚ፤ ስታርፍ ቀጥዪ።

እኅቴ፣ በስልክ የላክሽብኝ ቃል ደርሶኛል። «የልጄን ነፍስ ያላሳረፈውን ያን ዕቃ አቃጥሉልኝ፤ ካልሆነም ገደል ስደዱት» ብለሻል። የእናት ቃል ነውና በአክብሮት ተቀበልሁት፤ ነገር ግን አልፈጸምሁትም። ምክንያቱን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ፣ ገና «ሃሎ» ስትዪ አንደበቴ ተያዘብኝ። ስለዚህ በብዕር መጣሁ።

ዕቃውን በዓይንሽ ስላላየሽው ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። ልጅሽ ነጋሽ እዚህ ጭሮ ለመምህርነት ተመድቦ ከእኛ ጋር ሲቀመጥ፣ ያን ኮምፒውተር ክፍሎቹን ከድሬዳዋ እያስመጣ በገዛ እጁ ገጣጠመው። የሠራውም በጓደኛው በፋሩቅ ሱቅ ነው። ፋሩቅ የዚሁ ከተማ ልጅ፣ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው፤ ሁለቱ ከአንድ ትሪ የሚበሉ ነበሩ፣ ሥጋው የእስላም ነው የክርስቲያን ነው በሚባልበት ቀን ብቻ ሽሮ ያዝዛሉ እየተባለ ይሣቅባቸው ነበር። ነጋሽ ዕቃውን ወደ ቤት ያመጣው ለጨዋታ አልነበረም። እኔ ከመምህሬ በቃል የተቀበልሁት የጾም ዜማ አብሮኝ መቃብር እንዳይወርድ በድምፅ ሊቀዳልኝ ነው። ፊደል ያስቆጠርሁት እኔ ነኝና፣ አጎቱ ስሆን እስከ መጨረሻው «የኔታ» ይለኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ሲመለስ እኔ አዜማለሁ፣ እሱ ይቀዳል።

ከዚያ የመቻራው ጉዞ መጣ። መኪናው እንዴት እንደ ተገለበጠ ደግሜ አልጽፍልሽም።

በልቅሶው ጊዜ ሰው ሁሉ ያያት ዘንድ ሥዕሉን በኮምፒውተሩ መስታወት ላይ አወጣናት። ከጠዋት እስከ ማታ ስትበራ ትውላለች። ከበደሳም፣ ከአሰቦትም የመጣው ሰው በፊቷ ይቆማል። ብርነሽም የነጋሽን ጋቢ አምጥታ የኮምፒውተሩን ሣጥን ከላይ እስከ ታች አለበሰችው፤ አስከሬኑን በወጉ ያላለበስን ያህል ተሰምቷት ነበርና፣ እኔም ደግ አደረግሽ አልኋት። እስከ አርባው ድረስ እንዲሁ ሳይገለጥ ኖረ፤ ከአርባውም በኋላ ጋቢውን ለማንሣት የደፈረ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ድምፁን ለመስማት ናፈቅሁ። የመጨረሻውን ቅጂ ስከፍተው እኔው ሳዜም ይሰማል፤ ዜማው ይረዝማል፤ ከዚያ እሱ «የኔታ» ብሎ ይጠራኛል። በዚያች ቃል ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ይጠፋል። በማግሥቱ ከጸሎት በኋላ ከፈትሁት፤ «የኔታ» አለና ጠፋ። በሌላም ቀን እንዲሁ። ጎረቤት መጥቶ ሰማ፤ ሰምቶም ወሬውን በከተማው አዳረሰው። ብርነሽ ጸበል ልትረጭበት ስትል ለጥቂት ያዝኋት።

እኅቴ፣ የሞተ ሰው ነፍስ በብረት ሣጥን እንደማትታሠር ለስንቱ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ለራሴ ግን ማስተማር አቃተኝ። ያ ጥሪ ከመቻራው መንገድ፣ ከመኪናው ሥር የሚመጣ መሰለኝ። መቅደስ ቆሜ እንኳ ከኋላዬ የጠራኝ እየመሰለኝ ዞር እል ጀመር። ያቺን ክፍል ዘግቼ በበሯ ማለፍ ተውሁ። እየቆየም ዕቃው ባሰበት፤ ጭራሹን ገና ሳይከፈት ይጠፋ ጀመር። ያንጊዜ ብርነሽ ለአንቺ ደወለች፤ አንቺም ያንን ቃል ላክሽ።

ቃልሽ እንደ ደረሰኝ ዕቃውን እንዲያወጣልኝ ፋሩቅን አስጠራሁት። ከልቅሶው ወዲህ ደጃችንን ረግጦ አያውቅም ነበር፤ አልቻለም። ልናቃጥለው መሆኑን ስነግረው፣ «አባ፣ በአላህ፣ ከመቃጠሉ በፊት አንዴ ልክፈተው» አለኝ። ድምፁ ያለበትን ዲስክ ነቅሎ በራሱ ኮምፒውተር ሊከፍተው ሞከረ፤ አልሆነም። ነጋሽ የተማሪዎቹ ፈተና እንዳይሰረቅ ብሎ ከዚያ ኮምፒውተር በቀር በሌላ እንዳይከፈት ቆልፎት ኖሯል። ስለዚህ ያው ሣጥን መዳን ነበረበት። ብርነሽ የጸበሉን ጠርሙስ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ነበርና፣ «አቦ እማማ ብርነሽ! እሱን ከረጩበት ከሰይጣኑ በፊት የምሞተው እኔ ነኝ፤ መብራት እኮ አለው!» አላት። ከስንት ጊዜ በኋላ በዚያ ቤት ሣቅ ተሰማ።

ጋቢውን አንሥቶ ሣጥኑን ፈታው። ውስጡ ያለውን ማራገቢያ የጋቢው ጥጥ እንደ ፈትል ተጠምጥሞበት ነበር። «ማን ነው ያለበሰው?» አለ። እኛ ነን አልነው። ቀስ ብሎ አስረዳኝ፦ የዕቃው አንጎል ፕሮሰሰር ይባላል፤ ሲሠራ እንደ እሳት ይግላል። በላዩ ሙቀቱን የሚወስድለት ብረት ይቀመጥበታል። በሁለቱ መካከል ደግሞ ተርማል ፔስት የሚባል ግራጫ ቅባት ይቀባል፤ ሙቀቱን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሻግረው እሱ ነው። ጋቢ ለብሶ ያን ሁሉ ቀን ሲበራ ሲውል ቅባቱ ደረቀ። «መንፈስ አይደለም አባ። ከቀዝቃዛ ተነሥቶ ሁልጊዜ በዚያው ጊዜ ይግላል፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በዚያው ቃል ላይ ይጠፋል» አለኝ። ልብ በዪ እኅቴ፤ ያፈነው የእኛው ልቅሶ ነው።

ብረቱን ነቅሎ ሲያነሣው ቅባቱ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። የብረቱ እግር ክብ፣ ፕሮሰሰሩ ግን ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ፣ ብረቱ ያልረገጠው አንድ ጥግ ነበር። በዚያ ጥግ ቅባቱ ላይ የጣት ምልክት ተቀምጧል። መስመሮቹ አንድ በአንድ ይታያሉ። ፋሩቅ ጀመረ፦ «አቦ ይሄ ልጅ! በጣት አትቀባ፣ ጠብ አድርገህ ብረቱ ራሱ ይጫነው ስለው፣ አንተ ስስታም እያለ እንደ ኬክ ነበር በጣቱ የሚ...» መፍቻውን አስቀምጦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

የልጅሽ ጣት ነበር፣ ሣህሊቱ። በዚህ ምድር ላይ ከእጁ የቀረ ሌላ ምልክት አላውቅም።

ማቆየት ይቻል እንደሆነ ጠየቅሁት። «ይህችን ጥግ ትቼ ሌላውን መጥረግ እችላለሁ» አለ፤ «ግን ደርቃለች፤ ፍርፋሪዋ ከአዲሱ ቅባት ሥር ገብቶ ዳግም ከጋለ ፕሮሰሰሩ ይሞታል። እሱ ከሞተ ዲስኩን የሚከፍተው የለም። እርስዎ ይፍረዱ።» ቁጭ ብዬ ብዙ አየኋት። ጣቱን ባቆይ አንቺ ድምፁን ልታጪ ነው፤ ድምፁን ባድን ጣቱን ልታጪ ነው። አንቺ በአጠገቤ የለሽም። የወለድሽው አንቺ፣ የምፈርደው እኔ ሆንሁ።

ጥረገው አልሁት። ጥጥ በአልኮል ነክሮ እጁን ዘረጋ፤ ጥቂት ሲቀረው ቆመ። «አልችልም አባ፤ ወንድሜ ነው» አለ። ጥጡን ከእጁ ተቀበልሁ። ከቅዳሴ በኋላ ንዋየ ቅድሳቱን እንደማጸዳ፣ አንዲት ቅንጣት እንዳትቀር አድርጌ እኔው ጠረግሁት። ስጠርግ የወይራ አመድ የመሰለ ግራጫ ነገር ጥጡን ሞላው። ጥጡን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ በመቃብሩ ራስጌ ቀበርሁት። ከዚህ የተሻለ ሥርዓት አላወቅሁለትም።

ፋሩቅ አዲሱን ቅባት የምስር ፍሬ በምታህል መጠን ጠብ አደረገ። «ምነው ሠሠትህ፣ ጨምርበት እንጂ» ብለው፣ «ሲበዛም ያፍነዋል» አለኝ። ብረቱን መለሰ፣ ማራገቢያውን ጠረገ፣ አበራው። ብርነሽም ሳትጠራ ገብታ ከጎኔ ተቀመጠች። ዜማው ሄደ፤ ያቺ ቦታ ስትደርስ የወንበሩን ክንድ ጨበጥሁ። «የኔታ» አለ። አልጠፋም። «የኔታ፣ እዚህ ላይ ይረፉ፤ ድምፅዎ ደክሟል። ቀሪውን ከመቻራ ስመለስ እንቀዳለን።» ይኸው ነው። ሊያሳርፈኝ ነበር የጠራኝ።

ቅጂውን ግን አልዘጋውም ኖሯል። እኔ ስወጣ በሩ ይሰማል። ከዚያ እሱ ብቻውን ወረቀት ያገላብጣል፤ ጉሮሮውን ይጠርጋል፤ ከዜማው አንዲት ሐረግ ለራሱ ያንጎራጉራል፣ ይስታል፣ እንደገና ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ትንፋሹ ብቻ ነው፤ ገብቶ ይወጣል፣ ገብቶ ይወጣል፣ እስከ ቅጂው መጨረሻ። መንፈስ አለመሆኑን ዐውቄም እንኳ ያቺን ክፍል ስከፍት ዛሬም ደጁን አንኳኩቼ ነው የምገባው።

ፋሩቅ ቅጂውን በትንሽ ፍላሽ አድርጎታል። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ መምህር አያና፣ የነጋሽ የሥራ ባልደረባ፣ ለዕረፍት ወደ አገር ሲመጣ ይዞልሽ ይመጣል። ከሰማሽው በኋላ ዕቃው ይቃጠል ብትዪ ዳግመኛ እዘዢኝ፤ ያንጊዜ ያለ ሰበብ እፈጽማለሁ። ብቻ ከመስማትሽ በፊት አትዘዢ።

የእግዚአብሔር ሰላም ለትዕምርት ይሁን፤ ዓይኗን ስሜልኝ። ለደጉ ባለቤትሽ፣ በልቅሶው እግርሽን ላጠቡልሽ ጎረቤቶችሽ፣ ለንስሐ አባትሽም እጅ ነሥቻለሁ። ብርነሽ ጉልበትሽን ትስማለች፤ ስለ ጋቢው ይቅር በዪኝ ትላለች። ፋሩቅም «እናቴን ሰላም በሉልኝ» ብሏል።

አንድ ነገር ልጨምር። ፋሩቅ «ከንግግሩ በኋላ ያለው ባዶ ነው፣ ልቁረጠው» ብሎኝ ነበር፤ ከለከልሁት። ዜማው የእኔ ነው፣ ለእኔ ይቅር። ትንፋሹ የአንቺ ነው።

ወንድምሽ ቀሲስ ዓባይ
ጭሮ (አሰበ ተፈሪ)፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፳፻፯ ዓ.ም.