በስስ ወረቀት ላይ የቀረ ሥዕል

ጥር 6

ገጽ ስገልጥ ዋልኩ። እንደ ሁልጊዜው። ምድር ቤት ያለ መስኮት የሌለው ክፍል፣ የድሮ መጻሕፍት ፎቶ የሚነሱበት። እኔ እገልጣለሁ፣ ባለካሜራዋ ታነሳለች። ከእያንዳንዱ ገጽ ጀርባ ጥቁር ወረቀት አስገባለሁ። ካላስገባሁ ከኋላ ያለው ሥዕል ዘልቆ ይታይና ሁለቱ ይደባለቃሉ።

የዛሬው ቁንጫ ነበር። ቁንጫ... ገጹን ከዳር እስከ ዳር ሞልታ፣ የብረት ልብስ እንደለበሰ ወታደር ቆማ። የእግሯ ፀጉር ሳይቀር አንድ በአንድ ተስሏል። ማን ነው ቁንጫን ይህን ያህል ታግሦ ያያት? እኛ የምናውቀው ማሳደድ ብቻ።

"ጋሼ፣ ይቺን ብታገባ ቤት አታጣብብህም" አለች ባለካሜራዋ። "ካልሲህ ውስጥ ትኖርልሃለች።"

ሳቅሁ። ሳቄን ግን እንደ ጃንጥላ በር ላይ ትቼው ቤት ገባሁ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው። እትዬ በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ልብስ ይጠቅማሉ። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። እሷ በታመመች ጊዜ ሊያስታምሙ መጡ፣ ካረፈች በኋላ "ብቻህን አትሆንም" ብለው ቀሩ። ይኸው ሁለተኛ ክረምት አለፈ። መጋረጃው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አልተከፈተም። ኀዘናቸው ነው። ምን እላለሁ?

ጥር 9

መጋረጃውን በአንድ ጣት ገለጥ አደረግሁት። እትዬ ከወጥ ቤት ቀና ብለው አዩኝ። መልሼ ለቀቅሁት።

ጥር 15

ዛሬ ከባሕር ውስጥ የተገኙ፣ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች። በማይክሮስኮፕ እያዩ የሳሏቸው ናቸው። አንዱ የመስታወት ፋኖስ፣ አንዱ ዘውድ፣ አንዱ እንደ ጃርት እሾሃማ ኮከብ። እጄ ገጹ ላይ ቀረ።

"ጋሼ፣ ተኛህ እንዴ?"

"ቀለሙ ትናንት የተቀባ ይመስላል እኮ።"

"ተዘግቶ ስለኖረ ነው። ብርሃን ቀለም ይበላል። ሥዕል ደኅና የሚኖረው ጨለማ ውስጥ ነው።"

እውነቷን ነው። ግን... ደኅና ኖሮ ማን አየው?

በመንገድ ላይ ስጸልይ ሐሳቤ ወደነዚያው ሄደ። አምላኬ፣ ይህን ሁሉ ጌጥ ማንም በማያይበት ጥልቅ ውስጥ ለማን አደረግኸው? ወይስ ለራስህ ነው? ደፋር ጥያቄ ከሆነ ይቅር በለኝ።

ቤት ገባሁ። ጨለማ። እኛም ደኅና ነን፣ አልደበዘዝንም።

ጥር 22

መጻፍ አልፈለግሁም ነበር።

የዛሬው መጽሐፍ የደም በሽታዎች ነው። ማይክሮስኮፕ ሥር የታየ ደም፣ በእጅ የተሳለ፣ በቀለም የተዋበ። ገለጥሁ፣ ጥቁሩን ወረቀት አስገባሁ፣ ገለጥሁ... አንዱ ላይ ቆምኩ። ሐምራዊ ክብ ክብ፣ ጥርቅም ያለ፣ መሐሉ እንደ ፈካ አበባ። ሳላስበው "ያምራል" አልኩ። ከዚያ ከሥሩ ያለውን ስም አነበብኩ።

የእሷ በሽታ ነው።

ሐኪሙ የኮምፒዩተሩን መስኮት ወደኛ ያዞረበት ቀን ትዝ አለኝ። እኔ መሬት መሬት አያለሁ። እሷ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠግታ...

"እንዴት ያምራል።"

"ምን ሆነሻል? ምኑ ነው የሚያምረው?"

ሁለተኛ አላነሳችውም። እኔም ሕመሙ ራሷ ላይ ወጥቶ ነው ብዬ አለፍኩት። ዛሬ የኔው አፍ ያንኑ አለ። እንግዲህ እኔስ ምን ሆኜ ነው? የገደላትን ነገር ማማሩን ማየት... ኃጢአት ይሆን?

ሥዕሉን የሚሸፍን ስስ ወረቀት ነበር። ከዘመን ብዛት ሥዕሉ በላዩ ላይ ታትሟል፤ የሻይ እድፍ የመሰለ ጥላ። የመጻሕፍት ጠጋኛችን እነዚህን አሮጌ መሸፈኛዎች አውጥቶ አዲስ ይተካል፣ አሮጌዎቹ ወደ ቅርጫት። ጠየቅሁት።

"ለምንህ ነው? ዳቦ ልትጠቀልልበት? ውሰደው፣ ቆሻሻ ነው።"

በካርቶን መሐል አድርጌ ይዤው መጣሁ።

ጥር 24

በመብራት አይታይም። እድፍ ብቻ ነው። ከጀርባው ብርሃን ይፈልጋል፤ የቀን ብርሃን። ሥራ ቦታ መስኮት የለም፣ ደጅ እንዳላወጣው ነፋስ ይቀደዋል። የወጥ ቤቱ መስኮት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር የተፋጠጠ ነው፣ ያውም እትዬ አሉበት። ቀሪው የሳሎኑ ነው። መጋረጃው።

አውቶቡስ ውስጥ መስታወቱ ላይ ለጠፍ አድርጌ ላየው ሞከርኩ። አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ቦርሳውን ወደ ራሱ ሰበሰበ። እብድ ነው ብሎ ይሆናል። አውቶቡሱም ዛፍ ዛፍ ሥር ይሄዳል... ምንም አላየሁ።

በገዛ ቤቴ መስኮት መክፈት የማልችል ሰው። ይህን ለማን ይነግሩታል? ይሥቁብኛል።

የካቲት 1

እትዬ "ከሳህ" አሉኝ። ሥራ በዝቶ ነው አልኩ። ሥራ አልበዛም።

ቢሄዱልኝ ብዬ ማሰቤን ማን ባወቀ። ቤታቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ትተው የመጡ ሰው። እህታቸውን በሁለት እጃቸው ያጠቡ፣ ያጎረሱ። እንዲህ ላለ ሰው "በቃ፣ ይበቃዎታል" ይባላል? አንደበቴስ እሺ ይላል? በጸሎቴም ልናገረው ጀምሬ አፍሬ ተውኩት። እሱ ግን ሳልጨርስም ይሰማል... ያ ነው የባሰው።

የካቲት 3

እሑድ። እንደሆነው ልጻፈው።

እትዬ ጎረቤት ጠይቄ ልምጣ ብለው ወጡ። የእግራቸው ኮቴ ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ጠበቅሁ፤ እንደ ሌባ። መጋረጃውን ሳብኩት። አቧራው አስነጠሰኝ። ስሱን ወረቀት መስታወቱ ላይ ያዝኩት።

እድፉ ተነሣ። ሌላ ቃል የለኝም። ክቦቹ አንድ በአንድ ብርሃን ገባባቸው፣ መሐላቸው ፈካ። ሐምራዊው የለም፣ የማር መልክ ነው። ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም። በሩ ሲከፈት አልሰማሁም።

"ጥልፍ ነው?"

ክንዴ ወደቀ። እትዬ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ኋላዬ ቆመዋል። አዎ ጥልፍ ነው ብል ያልቅ ነበር።

"አይደለም" አልኩ። "የእሷ በሽታ ነው፣ እትዬ። ደሟ እንዲህ ነበር።"

ጩኸት ጠበቅሁ። ቦርሳቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ።

"ቀና አርገህ ያዘው እንጂ።"

ያዝኩት። ብዙ አዩት።

"አውቃታለሁ" አሉ። "ሁለተኛውን ምርመራ እኔ አይደለሁ የወሰድኳት? ሐኪሙን እንደገና አሳየኝ ብላ ለመነችው። እስኪ እዪው እትዬ፣ ከደጃችን ያለውን አበባ አይመስልም? አለችኝ። ደግሞ፣ ለእሱ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል።"

"ታዲያ እስከ ዛሬ..."

"አትንገሪው አለችኝ እኮ። ሞተች ብዬ ቃሌን ልብላ?"

ተቀመጥኩ። መጋረጃውን ስለከፈትኩ ይቅርታ ጠየቅሁ።

"የምን ይቅርታ? ብርሃን ዓይኗን ሲያማት የዘጋሁት ነው። ካረፈች በኋላ ዛሬ ይከፍተዋል፣ ነገ ይከፍተዋል እያልኩ አንተን ስጠብቅ..."

"እኔን? ኀዘንዎ መስሎኝ እኮ ነው።"

"የኔ? እኔማ በዚህ ጨለማ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቅቶኝ ዓይኔ ሊጠፋ ነው። ባለፈው በጣትህ ገለጥ አድርገህ ስትለቀው፣ አይ፣ ገና አልቻለም አልኩ። እንዲህ እያለህ ጥዬህ ልሂድ?"

ተያየን። መጀመሪያ የሣቁት እሳቸው ናቸው፤ ከዚያ አለቀሱ። እኔ ተቃራኒውን።

"አንተን ይሉኝታ ይገድልሃል" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

"እርስዎንስ?"

"እኔንማ ገድሎኝ ነው የተቀመጥኩት።"

የካቲት 11

እትዬ ልጃቸው ጋ ደወሉ። "መጥቼ ልያችሁ" ሲሉ ሰማሁ። ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆነ። ሲሄዱ ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። ማታ ራት ላይ ምግቡ አልወረደልኝም።

የካቲት 18

እትዬ ትናንት ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት መጋረጃውን አውርደው አጥበው፣ አጣጥፈው ቁም ሣጥን አስገቡት። "ከፈለግኸው እዚያ ነው" አሉ። ሌላ ምክር የለም።

ቤቱ በብርሃን ሲታይ አርጅቷል። ግድግዳው ላይ እሷ ታማ ሳሎን የተኛችበት አልጋ ራስጌ የፋቀው ምልክት አለ። አላየሁትም ነበር። ብቸኝነቱም አለ፣ አልዋሽም። ቤቱ ሰፋብኝ።

ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለባለካሜራዋ ብነግራት "ጋሼ፣ አበድክ? ፀሐይ ይበላዋል፣ ጥቁር ወረቀት ውስጥ አስቀምጠው" ብላ ተቆጣችኝ። ዳር ዳሩ ከወዲሁ ሳስቷል።

ከሰዓት እትዬ ደወሉ።

"ሥዕሉ አለ?"

"አለ። እየደበዘዘ ነው።"

"ይደብዝዝ። እስከዚያው ግን እየው።"

ስልኩን ዘግቼ ወንበሬን ሳብ አድርጌ ተጠጋሁ። እሷ ያን ቀን እንዳደረገችው። ፀሐይዋ ልክ ከኋላው ነበረች።

"አዎ" አልኳት፣ ጮክ ብዬ። "ያምራል።"