አብዱ ጋ የቀሩት ገጾች

ሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017፤ ጭሮ

…የአብዱ አባትም እንዲሁ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች ገንጥለው ያስቀሩብኝ ነበር። አብዱ የመጽሐፍ ማከራያ ሱቁን ሲወርስ ልማዱንም ወረሰ። ተከራይ ይዞ እንዳይጠፋ የወንጀል ልብ ወለዶችን መጨረሻ በፖስታ ያስቀምጣል፤ መጽሐፉን የመለሰ እዚያው ቁጭ ብሎ ያነበዋል።

ቅዳሜ የሰጠኝ የማላውቀው ደራሲ የመጀመሪያ ሥራ ነው። ሚኤሶ ላይ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ይገደላል። የእኔም ረቂቅ የሚጀምረው እንዲሁ ነው። ሦስት ዓመት ለፍቼበታለሁ። ደራሲው ደግሞ ከእኔ ይሻላል። እዚህም ገዳይዋ እንደ እኔው የሾፌሩ ሚስት ከሆነች የእኔ አበቃለት፤ ሰረቀ እባላለሁ።

ዛሬ መጽሐፉን መለስኩለት።

«ጋሼ፣ ፊትዎ ገርጥቷል። ገዳዩ እርስዎ ነዎት እንዴ?» አለ አብዱ እየሳቀ።

«ሚስቱ ናት?»

«ወላሂ አልናገርም! እንኳን ለእርስዎ ለእናቴም አልተናገርኩም።» ፖስታውን ሰጠኝ። «ዙህር ሰግጄ እስክመጣ ይጨርሱታል።»

ብቻዬን ቀረሁ። ፖስታው ቀላል ነው፤ አራት ገጽ ቢሆን ነው። ጠርዙን በጥፍሬ ከፈት አደረግሁት። ትናንት የጀመርኩት የረቂቄ ምዕራፍ ትዝ አለኝ። የእኔዋ ሴትዮ ገና ለፖሊስ ቃሏን አልሰጠችም።

ገጾቹን ሳላወጣ ፖስታውን መጽሐፉ ላይ አስቀመጥኩት። ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።