ተራኪው የቆመበት ቦታ

ይድረስ ለወንድምዓለሜ፣

ያለህበት አገር ሰላሙን አያጓድልብህ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጠመኔው ሳሌን ካባሰብኝ በቀር። የአባባ ፎቶ እንደምታውቀው ወደ ግራ ማጋደሉን አልተወም፤ ከሥራ በገባሁ ቁጥር ጫማዬን ሳላወልቅ አቃናዋለሁ።

የማታ ተማሪዎቼን ስለ ትረካ አንጻር እያስተማርኳቸው ነው። «ታሪኩን የሚያየው ማነው? የት ቆሞ?» እያልኩ ጆሯቸውን አደነቁራለሁ። ትናንት «ዝምተኛው» የምንለው ቀለም ቀቢ አጭር ልቦለዱን አነበበልን። ብቻዋን የምትኖር ሴት ቤቷ ትገባለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ ያጋደለ ፎቶ ታቃናለች። ክፍሉ በጭብጨባ ቀለጠ። እኔ ግን የሙያ ነገር ሆኖብኝ፣ «ተራኪህ ውጭ ቆሞ ፎቶውን እንዴት አየው?» አልኩት።

«ከውሃ ታንከሩ ኋላ ሲቆም በደንብ ይታየዋል፣ ቲቸር» አለኝ።

ሁሉም ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለሚቀጥለው ሳምንት የየራሳቸውን ታሪክ ከሌላ አንጻር እንዲጽፉት አዝዣለሁ። እሱ ከወዲሁ መርጧል፤ ተራኪው ቤት ውስጥ ሆኖ ይጠብቃታል አለኝ።

ዛሬ ጠዋት የግቢዬን የውሃ ታንከር ከመስኮቱ ፊት ለፊት አስነሳሁት፤ ቦታ ይዞብኝ ነበር። ከዚያ ወጥቼ ወፍራም መጋረጃ ገዛሁ፤ ፀሐዩ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ለእረፍት ትመጣ የለ? እንዲያው ናፍቆት ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።

ሌላ ወሬ የለም። የአባባ ፎቶ ብቻ፣ መጋረጃውን ይዤ ስገባ ቀጥ ብሎ ጠበቀኝ። ሚስማሩ ረግቶ ይሆናል።

በል፣ ጤናህን ያብዛልህ። ስትመጣ ግን ገና ከበሩ ላይ ድምፅህን አሰማኝ።

እህትህ