ከረቅ ራቅ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለሞቱማ፤

ጤናህ እንዴት ነው? የምጽዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እንቅልፍህ፣ ምግብህ፣ የባሕር ኃይሉ ሥራ ሁሉ ደህና ነው ወይ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን። ሰላምታዬን የማሳጥረው ፈርቼ ነውና እባክህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ለደሴቶቹ ስንቅ ስታመላልስ የአገሬው ዓሣ አጥማጆች ረቅ የሚሉት፣ ከጉልበት የማያልፍ ውኃ እንዳለ ጽፈህልን ነበር። እማዬ ይህን ስትሰማ እልል አለች። እኛ የሁሉቃን ወንዝ የምንሻገረው በሳሳው በኩል አይደል? ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ጥልቁን ትቶ በረቁ ይሂድ ብለሽ ጻፊልኝ አለች፤ ጻፍሁልህ።

አንተ ደግሞ መቼ ከእናትህ ቃል ትወጣለህ! ሐሙስ የደረሰን ደብዳቤህ ከጥምቀት ማግስት ጀልባይቱን ይዘህ እንደምትነሳ፣ እማዬን ደስ እንዲላት በረቁ እንደምታቋርጥ ይናገራል። ሳነብላት ወረቀቱን ሳመችው።

እኔ እንደምታውቀኝ አዲስ ቃል ካገኘሁ መፈልፈል አልተውም፤ አስተማሪነት ክፉ ልማድ ነው። ትናንት ከገበያው አጠገብ ሱቅ ያለውን የየመን ዐረብ ረቅ ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅሁት። በእኛ ቋንቋ ቀጭን፣ ስስ ማለት ነው አለኝ። የግዕዛችን ረቂቅ ዘመድ ኖሯል ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ስኳር የሚመዝንበትን ሚዛን አስቀመጠና ማን ሊሄድበት ነው አለኝ። ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ጥልቅ ውኃ ጀልባን ይሸከማል፤ ረቅ ግን ድንጋይ ላይ ያስቀምጠዋል፣ ከዚያ ማዕበሉ ሳንቃ በሳንቃ ይፈታዋል አለ። ሰው ወለሉ ስለሚታየው በእግሩ ይወርዳል፣ ውኃው ግን ተመልሶ ይሞላል። ታላቅ ወንድሙ የቀረው እንዲያ ሆኖ ነው።

ከዚያው ቴሌግራም ቤት ሮጥሁና «ከረቅ ራቅ» ብዬ አስላክሁ፤ ልቤም ትንሽ አረፈ። ዛሬ ከተራ ነው፤ ታቦቱን ስንሸኝ የቴሌግራም ጸሐፊው ንዋይ አገኘኝና እየሳቀ፣ እትዬ ሸዋገነት፣ አስተማሪ ሆነው ፊደል ይስታሉ፣ «ከሩቅ ራቅ» ብዬ አርሜ ላክሁልዎ አለኝ። ሞቱማ፣ ከሩቁ ራቅ ማለት እኮ ወደ ዳሩ፣ ወደ ረቁ ተጠጋ ማለት ነው! አሁኑኑ ክፈት ብዬ ለመንሁት። ቁልፉን አለቃው ይዞ ለበዓል ወደ ጎጆ ከተማ ወጥቷል፤ በዓሉ ሳያልፍ አይመለስም።

ስለዚህ ይህን ቆሜ እየጻፍሁ ነው፤ አውቶቡሱ ሊነሳ ነው። ሾፌሩ አዲስ አበባ እንደገባ በአውሮፕላን ፖስታ ሊያስገባልኝ ምሎልኛል። ቴሌግራሙን አትመነው። የእማዬንም ምክር ለዚህ ጊዜ ብቻ አትስማ። በጥልቁ ሂድ፣ ወንድሜ፤ እለምንሃለሁ።

አባባ በጣም አድርጎ ሰላም ይልሃል። ታናሽህ መርጋም ናፍቆሃል፤ ዛጎል አምጣልኝ ይላል። እማዬ ይህን መጻፌን አታውቅም። ከጥልቁ አርቆ በረቁ እንዲያሳልፍህ ስለት ተስላ፣ ታቦቱን ተከትላ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ወርዳለች።

እህትህ ሸዋገነት ቱፋ
ሀገረ ሕይወት፣ ጥር ፲ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.